ርካሹን የቫኒላ ሽቶ መጀመሪያ ቆዳችሁ ላይ አውሉት

ባለፈው ክረምት እህቴ ከዱባይ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ ሁለት ሽቶ ነበር፤ አንዱ ለእናታችን፣ አንዱ ለእኔ። የእኔን ወዲያው ከፈትኩና አንገቴ ላይ ረጨሁት። ቀረፋ! ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ዓይነት ቀረፋ፣ ከላዩ ደግሞ አፍንጫ የሚቆነጥጥ አልኮል። «ቫኒላ ነው አላልሽኝም እንዴ?» ስላት «ቆይ፣ ጠብቂው» አለችኝ። ማን ይጠብቃል? ካርቶኑ ውስጥ መልሼ ቁም ሳጥኑ ላይ ወረወርኩት። ማታ ራት ላይ እናቴ እንጀራ እያወጣች አጠገቤ ጎንበስ ስትል ቀጥ አለችና «አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ኬክ ቤት ነው እንዴ የዋልሽው?» አለች። ያ ሽታ ከአንገቴ ነበር የሚመጣው። ቫኒላው የደረሰው ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ነው።

ሽቶው ኻምራ ይባላል። የኤምሬትሱ ሽቶ ፋብሪካ ላታፋ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ነው። ውጭ አገር 100 ሚሊው ከ30 እስከ 40 ዶላር ይገኛል። ብዙ ሰው ኪሊያን የሚባለው ሽቶ ቤት ከሚሠራው ውድ ሽቶ፣ ከኤንጀልስ ሼር ጋር ያመሳስለዋል፤ የዚያኛው 50 ሚሊ ብቻ ከ200 ዶላር ያልፋል። ይመሳሰላሉ ወይስ አይመሳሰሉም የሚለውን ለጊዜው እንተወው። ከዚያ ቀን በኋላ ርካሽ የሚባሉ የቫኒላ ሽቶዎችን እየገዛሁም፣ ከሰው እየተዋስኩም ስሞክር ቆይቻለሁ፤ የምሞክርበት መንገድም ቀስ በቀስ መልክ ያዘ። እዚህ የምጽፈው ያንን ነው። ምሳሌዬ ኻምራ ይሁን እንጂ መንገዱ ለማንኛውም ቫኒላ ይሠራል።

ርካሽ ሆኖ እንዴት ቫኒላ ሊሆን ቻለ?

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ይህቺን ማወቅ ይጠቅማል፤ የምትጠብቁትን ነገር ትወስናለችና።

እውነተኛው ቫኒላ የሚገኘው መነሻዋ ሜክሲኮ ከሆነች የኦርኪድ ተክል ፍሬ ነው። አበባዋ የምትከፈተው ለአንድ ቀን ብቻ ነው፤ በዚያች ቀን ዱቄቷ ካልተዳቀለ ፍሬ የለም። ተክሏ ወደ ሌሎች ሞቃት አገሮች ስትወሰድ የሚያዳቅላት ነፍሳት አብሮ ስላልሄደ ለዓመታት እያበበች መካን ሆና ቀረች። መፍትሔውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1841 ሬዩንዮን ደሴት ላይ በባርነት ይኖር የነበረ ኤድሞን አልቢዩስ የሚባል የ12 ዓመት ልጅ ነው፤ በቀጭን እንጨትና በአውራ ጣቱ። ዛሬም ማዳጋስካር ውስጥ ሥራው የሚሠራው በእጅ ነው፣ አበባ በአበባ። ፍሬው ሲቆረጥ ሽታ የለውም። በሙቅ ውኃ ተነክሮ፣ ፀሐይ እየሞቀ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ እያላበ ወራት ከቆየ በኋላ ነው የሚሸተው። እ.ኤ.አ. በ2018 አካባቢ ዋጋው በኪሎ ወደ 600 ዶላር ደርሶ ነበር፤ በጊዜው ከብር ማዕድን ይበልጥ ነበር ማለት ነው። ይህን ሁሉ ድካም የጠጣው ደረቅ ፍሬ ውስጥ ያለው ቫኒሊን፣ ማለትም የቫኒላን ሽታ ቫኒላ የሚያሰኘው ንጥረ ነገር፣ ከመቶ ሁለት እጅ አካባቢ ነው።

በሌላ በኩል ጀርመኖቹ ቲማንና ሃርማን እ.ኤ.አ. በ1874 ቫኒሊንን ከጥድ ዛፍ ፈሳሽ መሥራት ችለዋል። አሁን በብዛት የሚሠራው ከነዳጅ ተዋጽኦ ነው፣ ከእንጨትም ይሠራል፤ ዋጋው ከፍሬው ጋር ሲነጻጸር የትም አይደርስም። ኢቲል ቫኒሊን የሚባለው የቅርብ ዘመዱ ደግሞ ጉልበቱ ሦስት አራት እጥፍ ነው። ርካሹ ሽቶ ብቻ ነው ይህን የሚጠቀመው ብላችሁ እንዳትስቱ። ታዋቂው የፈረንሳይ ሽቶ ቤት ገርላን እ.ኤ.አ. በ1889 ባወጣው ዢኪ በሚባል ሽቶ ውስጥ የፋብሪካ ቫኒሊን አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1925 የወጣው ሌላው ሽቶው ሻሊማር ታዋቂ የሆነው በኢቲል ቫኒሊን ነው።

ስለዚህ ጽጌረዳ ወይም ዑድ በርካሽ ስትገዙ የሚጎድልባችሁን ያህል ቫኒላ በርካሽ ስትገዙ አይጎድልባችሁም። ጥሩው ክፍል፣ ታች የሚቀረው፣ ለሁሉም ፋብሪካ በርካሽ ይደርሳል። በእኔ ልምድ ርካሹ ሽቶ የሚጋለጠው አፉ ላይ ነው፦ መጀመሪያ ሲረጭ፣ አልኮሉ ሲጮህ፣ ቅመሙ ሳይላላ። ሱቅ ቆመን የምናሸተው ደግሞ በትክክል ያንን ክፍል ነው። ሽቶው ከሚዋረድበት ሰዓት ላይ ደርሰን ፈርደን እንወጣለን።

1. ጥቂት ፈልጉ

ሙሉ ጠርሙስ ከመግዛት በፊት ለሁለት ቀን የሚበቃ ማግኘት ነው። መንገዱ ብዙ ነው፦ በሚሊ እየቀዱ የሚሸጡ አሉ፣ ጓደኛ አለች፣ ሱቁ ላይ ለሙከራ የተከፈተ ጠርሙስ አለ። ለሙከራ በተከፈተው ስትጠቀሙ ወረቀቱን ተቀበሉ፤ ነገር ግን አንዲት ርጭት ክንዳችሁ ላይ አስደርጉና ውጡ። «አሁን ካልወሰድሽ ያልቃል» ቢላችሁም ውጡ።

በሚሊ ስትገዙ ከዓይናችሁ ሥር ይቀዳላችሁ። እኔ አንዴ ተቀድቶ የተቀመጠ 10 ሚሊ ገዝቼ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከነሽታው ጠፋ፤ ክንዴ ላይ የቀረው እንደ ፀጉር ማስተካከያ ቤት አልኮል ያለ ነገር ብቻ ነበር። ሙሉ ጠርሙስ ሲሆን ካርቶኑ ላይ የታተመው የምርት ቁጥርና ጠርሙሱ ሥር ያለው አንድ መሆናቸውን ተመልከቱ። ፎርጅድ የሚሠሩትም ቁጥር ያትማሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚሰንፉት ግን ሁለቱን በማመሳሰሉ ላይ ነው። ክዳኑ የሚንገዳገድ፣ ሲጫኑት የሚያንጠባጥብ ከሆነም ተጠራጠሩ።

2. ክንዱን አዘጋጁ

የምትሞክሩበት ቀን የዕረፍት ቀን ቢሆን ይመረጣል። ጠዋት ሽታ በሌለው ወይም ሽታው በማይበረታ ሳሙና ክንዳችሁን ታጠቡ። ፀጉር ቅቤ የተቀባችሁ ቀን አትሞክሩ። ለጋ ቅቤ ከቫኒላ ጋር ይስማማል፤ ችግሩ ከቅቤው ይሁን ከሽቶው መለየት አለመቻላችሁ ነው። እንደዚሁም ዕጣን የጨሰበት ቤት፣ ወይራ የታጠናችሁበት ማግስት፣ ሽንኩርት ስትከትፉ የዋላችሁበት እጅ ይቆዩ።

የሚሞከርበት ቦታ የክርን መታጠፊያ ውስጠኛው ክፍል ነው። ሁሉም የሚሮጠው ወደ እጅ አንጓ ነው፤ እጅ ግን በቀን ስንቴ ይታጠባል! ክርን ላይ ያለው ግን ሳይነካ ይውላል፤ ቆዳውም ቀጭንና ሞቃት ስለሆነ ሽታውን ይለቃል።

አሁን ዋናው ዘዴ። ግራ ክንዳችሁን እንዲሁ ተዉት። ቀኝ ክንዳችሁ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ቫዝሊን ቀብታችሁ በደንብ አሹት፣ እስኪጠፋ። በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ሽቶ ታደርጋላችሁ። ደረቅ ቆዳ ሽቶን ቶሎ ያጣል፤ በተለይ የበጋው ነፋስ ያደረቀው ቆዳ። ርካሹ ሽቶ «አይቆይም» የሚባልበት ግማሽ ምክንያት ጠርሙሱ ውስጥ ሳይሆን ክንዳችን ላይ ነው። ማታ ሁለቱን ስታወዳድሩ ይገባችኋል።

ቆዳችሁ የሚቆጣ ከሆነ ግን ከዚህ በፊት አንድ ጠብታ ብቻ አድርጋችሁ ሁለት ቀን ጠብቁ። ካርቶኑ ላይ ሲናማል የሚል ካነበባችሁ ያ ከቀረፋ ሽታ የሚመጣው ነው፤ ቆዳ በማስቆጣት ይታወቃል። የተላጨ ቆዳ ላይ፣ ብብትም ሆነ አገጭ፣ በዚያው ቀን አይረጭም።

3. ርጩና እጃችሁን ሰብስቡ

ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም አንድ ስንዝር ከማትሞላ ርቀት፣ በእያንዳንዱ ክንድ አንድ ጊዜ ብቻ። ሁለት አይደለም። ሰዓቱን ስልካችሁ ላይ ጻፉ።

አታሹት። ሁለቱን እጅ እያጋጠሙ ማሸት ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ሁላችንም እናደርገዋለን። «ሽቶው ይሰበራል» የሚሉት ማጋነን ነው፤ ማሸት ግን ቆዳውን ያሞቃል፣ ላይ ላዩ ያለው ቶሎ ይበንናል፣ ግማሹም ወደ ሌላኛው እጅ ይሻገራል። ሙከራችሁ ተበላሸ ማለት ነው።

4. የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት፦ አትፍረዱ

ዕጣን ፍሙ ላይ ስትጥሉ መጀመሪያ የሚወጣውን ሹል ጭስ አስቡት፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ሎሚ ሎሚ ይላል። ነጠላችሁ ላይ በማግስቱ የሚቀረው ግን ሌላ ነው፣ ለስላሳና ወፍራም። ሽቶም እንደዚያው ነው። ቀላል የሆነው ነገር ቀድሞ ይበንናል፤ ከባዱ ይቀራል። ቫኒሊን ከከባዶቹ ነው፤ ቶሎ አይበንንም፤ ስለዚህ መጨረሻ ላይ ብቻውን አዳራሹን ይዞ ይቀራል።

ኻምራ ላይ በዚህ ሰዓት የምታገኙት ቀረፋ፣ ገውዝና ቤርጋሞት ነው። ቤርጋሞት ማለት ኧርል ግሬይ ሻይ ላይ ያለው ነው። እኔ ከእነዚህ ጋር አልኮሉም ጎልቶ ይሰማኛል፤ ለአምስት ደቂቃ ያህል የአረቄ መለኪያ አፍንጫዬ ሥር የያዝኩ ይመስለኛል። ክንዳችሁን አፍንጫችሁ ላይ አትለጥፉ። በአንድ ክንድ ርቀት ያዙትና አየሩ ያምጣው። ከዚያ ሂዱና ሌላ ሥራ ሥሩ፤ እቃ እጠቡ፣ ቡና ቁሉ… አይ፣ ቡናውን ተዉት፤ እሱን እመለስበታለሁ።

5. ከግማሽ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት

አልኮሉ ሄዷል። ጎንበስ ብላችሁ አሽቱና የመጣላችሁን ቃል ጻፉ፣ ያፈራችሁበትም ቢሆን። «ጣፋጭ» ብላችሁ አትለፉ፤ ምን ዓይነት ጣፋጭ? የተቃጠለ ስኳር? ከረሜላ? የዱቄት ወተት? ማር?

ኻምራ እዚህ ላይ ወደ ተምር ይዞራል። የረመዳን ሳህን ላይ ያለው ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ጣት ላይ የሚጣበቀው ዓይነት ተምር። ከሥሩ በስኳር የተጠበሰ ለውዝ አለ። ፋብሪካው ቱብሮዝ የሚባል አበባም አለበት ይላል፤ እኔ አበባ አላገኘሁበትም፤ እህቴ ግን «አለ» ብላ ትከራከረኛለች። ሰው ከሰው አፍንጫው ይለያያል፤ የዝርዝሩን ስም ሁሉ ለማግኘት አትጨነቁ። የሽቶ ዝርዝር እንደ ወጥ አሠራር አይደለም፤ የገባውን ዕቃ ሳይሆን እንዲሸት የታሰበውን ነው የሚነግራችሁ።

ብዙ ርካሽ ቫኒላዎች የሚወድቁት በዚህ ሰዓት ነው። ምልክቱን ልንገራችሁ። አዲስ የተከፈተ የአሻንጉሊት ፀጉር ከሸተታችሁ፣ ወይም የልደት ሻማ፣ ወይም የመኪና ውስጥ ማንጠልጠያ ሽታ ከመጣባችሁ፣ ጣፋጩ ከሥሩ የሚይዘው ነገር አጥቷል ማለት ነው። የተቃጠለ ስኳርና የዐውደ ርዕይ ጥጥ ከረሜላ የሚሸተው አብዛኛውን ጊዜ ኢቲል ማልቶል የሚባለው ነው፤ ሲበዛ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። ጥሩ ሲሠራ ግን እንጨት፣ ሙጫ ወይም ትንሽ መራራ ነገር አብሮት አለ፤ ጨው ያላት ዳቦ ላይ ማር እንደማድረግ።

6. አራተኛው ሰዓትና ከዚያ ወዲያ

ይህ ነው የምትገዙት። ቀኑን ሙሉ አብሯችሁ የሚኖረው፣ ሰው ሲያቅፋችሁ የሚያገኘው ይህ ነው።

አሁን ክርናችሁን አጥፋችሁ ትንሽ አቆዩትና ከፍታችሁ አሽቱ። ኻምራ ላይ ቀረፋው ከሞላ ጎደል አልቋል። የቀረው ቫኒላ ነው፣ ከሥሩ ደግሞ ቶንካ፣ ቤንዞይን፣ ከርቤ። ቶንካ የሚባለው ፍሬ የደረቀ ሣር ሽታ አለው፤ በመስከረም መጨረሻ የታጨደ ሣር ፀሐይ ሲመታው እንደሚሸተው ያለ። ቤንዞይን ዐረቦች ጃዊ እያሉ የሚያጨሱት ሙጫ ነው። ከርቤውን ለእናንተ ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድም፣ ከገበያ ዕጣን የሚገዛም ያውቀዋል። ኬክ ኬክ እንዳይል የሚያደርገው እሱ ይመስለኛል፤ ትንሽ መራራ፣ ትንሽ የመድኃኒት ጠረን አለው። እናቴ ኬክ ቤት ብትልም ከሌሎቹ ኬክ ኬክ ከሚሉት ጋር ሳወዳድረው ይህ የዕጣን ቤት አጠገብ ያለ ኬክ ቤት ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ራሳችሁን ጠይቁ። ደረቅ ነው ወይስ ያጣብቃል? ደረቅ ቫኒላ አሮጌ መጽሐፍ ይመስላል፤ ይህ ደግሞ በአጋጣሚ አይደለም፣ ወረቀት ሲያረጅ የእንጨቱ ክፍል እየፈረሰ ከሚወጣው አንዱ ራሱ ቫኒሊን ነው። ሁለተኛ፣ ቫዝሊን ያለውና የሌለው ክንድ ይለያያሉ? እኔ ላይ የሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ልዩነት አለ። ሦስተኛ፣ ሲርባችሁ ደስ ይላችኋል ወይስ ያቅለሸልሻችኋል? ይህን ማንም አይጠይቅም። ባዶ ሆድ ላይ የሚያቅለሸልሽ ቫኒላ በጾም ቀን አይቀባም፤ እኛ አገር ደግሞ የጾም ቀን ስንት ነው?

7. የሌላ ሰው አፍንጫ ተዋሱ

ሁለተኛ ሰዓት ላይ «ጠፋ» ብላችሁ ደግማችሁ ልትረጩ ትችላላችሁ። አትርጩ። አፍንጫ ያለማቋረጥ የሚመጣበትን ሽታ መንገር ያቆማል፤ የራሳችሁን ቤት ሽታ እንደማትሰሙት ሁሉ። ሽቶው አለ፤ እናንተ ሳታውቁት ታክሲ ውስጥ አሥራ አንድ ሰው እያስነጠሳችሁ ነው። ከውጭ የመጣ ሰው ጥሩና «ምን ይሸትሃል?» በሉት። «ሽቶ ተቀብቻለሁ» አትበሉ፤ ከነገራችሁት ያመሰግንላችኋል እንጂ እውነቱን አይነግራችሁም። ልጆች ጥሩ ናቸው። የጎረቤታችን ልጅ አንዱን ሽቶዬን «ቢስኩት» ሌላውን «መርፌ» ብላዋለች፤ ሁለተኛውን ሸጥኩት።

ስለ ቡናው። ሽቶ ቤት ብልቃጥ ውስጥ የቡና ፍሬ አስቀምጠው «አሽቺው፣ አፍንጫሽን ያድሰዋል» ይላሉ። ቡናን ለእኛ ማስተዋወቃቸው ራሱ ያስቃል። ሲፈተሽ የቡና ሽታ ከተራ አየር የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። አፍንጫን ለማሳረፍ ያልተቀባ የራሳችሁን ቆዳ አሽቱ፣ ወይም ሹራባችሁን፣ ወይም ወጣ ብላችሁ ተመለሱ። በአንድ ቀን ከሦስት ሽቶ በላይ አትሞክሩ።

8. የአየሩን ነገር አስቡ

እህቴ ዱባይ ላይ ኻምራን በሐምሌ አትነካውም። እዚያ ሙቀቱ 40 ሲያልፍ ቆዳ ላይ ያለው ሁሉ በአንዴ ይነሳል፤ ሦስት ርጭት ቤት ያስለቅቃል። ማታ፣ ኤሲ ያለበት ቦታ፣ ወይም በታኅሣሥ ብቻ ትቀባዋለች። እኔ ግን አዲስ አበባ ውስጥ የሐምሌ ዝናብ ላይ ነው የወደድኩት። ቅዝቃዜ ሽቶን ይይዘዋል፤ ቀስ አድርጎ ያወጣዋል፤ ጣፋጩም አያስጨንቅም። ስለዚህ ከባሕረ ሰላጤው የመጣላችሁን ሽቶ እዚያ ያለችው ዘመዳችሁ «በጣም ይበረታል» ካለቻችሁ በእሷ ቃል ብቻ አትመኑ፣ እዚህ ሞክሩት። ከዚህ የምትልኩላትም ከሆነ በተቃራኒው።

መጠኑን በተመለከተ፦ ቢሮ አንድ፣ ሠርግ ሦስት፣ ሆስፒታል ለጥየቃ ዜሮ።

9. ነጭ ልብስ ላይ ፈጽሞ

ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። ለጥምቀት የተሠራ ነጠላ፣ ጥበቡ ገና ሳሙና ያልነካው፣ ትከሻው ላይ ሁለት ጊዜ ረጨሁበት። በዕለቱ ምንም አልታየም። በሦስተኛው ሳምንት ከሳጥን ሳወጣው የሻይ ጠብታ የሚመስሉ ቢጫ ነጠብጣቦች ነበሩበት። ቫኒሊን ከአየርና ከብርሃን ጋር ሲቆይ ወደ ቡናማ ይሄዳል፤ የቫኒላ ሳሙና እየዋለ እያደረ የሚጠቁረውም በዚሁ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለውም ከወራት በኋላ ከወርቃማ ወደ ቡናማ ቢዞር አትደንግጡ፤ ሽታው ካልኮመጠጠ ደኅና ነው።

የሐበሻ ቀሚስ ስትለብሱ እንግዲህ ከመልበሳችሁ አሥር ደቂቃ በፊት ቆዳ ላይ አድርጉትና ይድረቅ። ልብስ ላይ ካስፈለጋችሁ ጥቁር ሹራብ ወይም የኮት ገበር ውስጥ። የነጠላዬ ነጠብጣብ በሁለት እጥበት ደበዘዘ እንጂ አልሄደም፤ ያንን ጫፍ አሁን ወደ ውስጥ አጥፌ ነው የምለብሰው።

10. ዘይት ከሆነስ?

አልኮል የሌለባቸው ትንንሽ የሚንከባለሉ ጠርሙሶች አሉ። በጣም የታወቀው የሳዑዲው ሽቶ ቤት አል ሪሃብ የሚሠራው ቾኮ ማስክ ነው፤ 6 ሚሊ፣ ኪስ የሚገባ፣ ከሳዑዲ የተመለሰች ሴት ሁሉ ቦርሳዋ ውስጥ አንድ ያላት ይመስለኛል። ካካዎ፣ ቫኒላና ማስክ (ዐረቦች ሚስክ የሚሉት የሽቶ መዓዛ) ነው፤ ውኃ ያልነካው የኮኮ ዱቄት ጣሳ ከፍታችሁ እንደማሽተት።

ዘይት ላይ ከላይ ያልኩት የሰዓት ሥርዓት ይቀያየራል። የሚጮህ አልኮል ስለሌለ አጀማመሩ ጸጥ ያለ ነው፤ ቫኒላውም ከመጀመሪያው አለ። ለውጡ ትንሽ ነው፣ ርቆ አይሄድም፤ አጠገባችሁ የሚቀመጥ ሰው ብቻ ያገኘዋል። ስለዚህ ለመፍረድ አንድ ሰዓት ይበቃል። ጉዳቱ ማስኩ ነው። ማስክ ከሚባሉት ውስጥ አንዳንዱን ጭራሽ የማይሸቱ ሰዎች አሉ፤ እናንተ «ምንም አይሸትም» እያላችሁ ስትደራርቡ ሌላው በመስኮት ይሸሻል። እዚህ ላይ የሌላ ሰው አፍንጫ ግዴታ ነው። ዘይት ልብስ ላይ የቅባት እድፍ ስለሚተው ከጆሮ ጀርባና ከአንገት ጀርባ አይለፍ።

ሁለቱን መደራረብም ይቻላል፦ ዘይቱ መጀመሪያ፣ አምስት ደቂቃ ቆይቶ በላዩ አንድ ርጭት። ኻምራ በቾኮ ማስክ ላይ ግን ለእኔ በዝቶብኛል፤ ሙሉ ኬክ ለብቻ እንደመብላት ሆነብኝ።

11. በማግስቱ

ማታ ስትተኙ ክንዳችሁን አትታጠቡ፤ የለበሳችሁትን ሹራብም ወንበር ላይ አድርጉት። ጠዋት ቡና ሳይፈላ፣ ዳቦ ሳይሞቅ፣ መጀመሪያ እጅጌውን አሽቱ። ልብስ ከቆዳ ይልቅ ይቆያል፤ አሁን ያለው ተራግፎ ተራግፎ የቀረው ነው። ሊደገም የሚያምራችሁ ከሆነ ሂዱና ግዙት። እጅጌውን ከአፍንጫችሁ አርቃችሁ ወደ ማጠቢያው ከወረወራችሁት 100 ሚሊ ማን ይጨርስላችኋል?

ከገዛችሁት በካርቶኑ ውስጥ እንዳለ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት፤ መስኮት ሥርና መታጠቢያ ቤት ሙቀቱና ብርሃኑ ያበላሸዋል። እናቴ የእሷን ድርሻ ሽቶ ከቀሚሶቿ ጋር በጨርቅ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ አኑራለች፣ ክዳኑ አጥብቆ የተዘጋ፣ ነጩ ነጠላ በሌላኛው ጥግ። እስካሁን አራት ጊዜ ብቻ ነው የተቀባችው፤ እኔ ግን የራሴን ጨርሼ አሁን ዓይኔን የእሷ ላይ ጥያለሁ።